አበበ ቢቂላና የሮጠባቸው ሰዓቶች

ውድ ልጆች፣ ዛሬ ስለ አንድ በጣም ታዋቂ ሰው እንነግራችኋለን። ስሙን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ፎቶግራፉንም በቤታችሁ ሳሎን ወይም በአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ይባላል። የዛሬውን ታሪክ ግን ለየት ባለ መንገድ ነው የምናወራችሁ። አበበ በስንት ሰዓት እንደሮጠ እያየን ነው የምንሄደው። ለምን መሰላችሁ?

ባለፈው ሰሞን ከተማሪዎቻችን አንዱ በእረፍት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረው። ከአልጋው ተነስቶ፣ መኪና ውስጥ ሙዝ እየበላ፣ ሜዳው ላይ የደረሰው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ነበር። እግሩ እንጨት ሆነበት፤ ኳሷም እያለፈችው ሄደች። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ልምምድ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም። ታዲያ እሱ ቅዳሜ ጠዋት የሚያቅተው ሰነፍ ስለሆነ መስሎታል። እንዲያውም ኳሱን ጭራሽ ሊተወው አስቦ ነበር።

ልጆች፣ ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሰውነቱ ገና አልነቃም እንጂ! ይህን ለመረዳት የአበበን ሕይወት ከመጀመሪያው እንይ።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካን አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ማለት ነው። የተወለደባት መንደር ጃቶ ትባላለች፤ በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ የምትገኝ ናት። አገሩ ደጋ ነው። የደጋ ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝና ጋቢ ለምን እንደሚያስፈልግ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። አበበ እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ከብት ይጠብቅ ነበር። የገና ጨዋታም ይጫወት ነበር።

ወጣት ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ክቡር ዘበኛ ማለት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የጥበቃ ጦር ነው። በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን አይቶ ያሠለጥነው ጀመር።

ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው

ወደ ሮም ከመሄዳችን በፊት ስለ ሰውነታችን አንድ ነገር እንወቅ። እጃችን ላይ ከምናስረው ሰዓት ሌላ፣ በውስጣችን የሚሠራ ሰዓት አለ። የሰውነታችን ሙቀት ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። ሊነጋጋ ሲል ዝቅ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምርና ወደ ማታ ሲጠጋ ከፍ ይላል። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ይሁን እንጂ ጡንቻዎቻችን ያውቁታል። ብዙ ሰው በፍጥነት የሚሮጠውና ከፍ ብሎ የሚዘለው ከጠዋት ይልቅ ወደ ማታ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በውድድር ላይ ግን ትንሽም ትልቅ ነው።

እናቶቻችሁ እንጀራ ሲጋግሩ አይታችኋል አይደል? ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ቢፈስበት ምን ይሆናል? እንጀራው ይጣበቃል፤ ዓይንም አያወጣም። ሊጡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ምጣዱ ስላልጋለ ነው። ጡንቻም እንደዚሁ ነው። ከሩጫ በፊት ሰውነታችንን ስናሟሙቅ ደም ወደ ጡንቻ በብዛት ይሄዳል፣ ጡንቻው ይሞቃል፣ ሲታዘዝም ቶሎ ይታዘዛል። ጠዋት ላይ ምጣዱ የበለጠ ቀዝቃዛ ስለሆነ የበለጠ ማጋል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ምጣዱ ከመጠን በላይ ሲግልስ? እንጀራው ያራል! ይህንንም አትርሱ፤ ሮም ላይ እናገኘዋለን።

ሮም፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ጊዜው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። የአዲስ ዓመት ዋዜማ! በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር። አገር ቤት ልጆች ችቦ ሊያበሩ ሲዘጋጁ፣ የ28 ዓመቱ አበበ ደግሞ ጣሊያን አገር ሮም ከተማ ውስጥ የኦሊምፒክ ማራቶን ሊሮጥ ቆሟል። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው።

የሮም የበጋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት። አዘጋጆቹ ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲጀመር አደረጉ። በአሜሪካን ሰዓት 5 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ወደ ማታ ሲጠጋ ሰውነት በደንብ ሞቋል፣ አየሩ ደግሞ እየቀዘቀዘ ነው። ማራቶን ሁለት ሰዓት ያለፈ ሩጫ ስለሆነ፣ ሯጩ ከመጠን በላይ እንዳይግል የአየሩ መቀዝቀዝ በጣም ይጠቅመዋል። ያ ያልነው የጋለ ምጣድ እንዳያር ማለት ነው።

አበበ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተመቸውም። ባዶ እግሩን መሮጥ ግን ለምዶት ነበር። ስለዚህ በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር ከመሞከር ይልቅ የለመደውን መረጠና ባዶ እግሩን ሮጠ።

ሩጫው እንደ ሌላው ኦሊምፒክ ከስታዲየም አልተነሣም፤ መጨረሻውም ስታዲየም አልነበረም። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ጨለማም ሆነ። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ልጆች፣ አስቡት እስቲ! በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ኢትዮጵያዊ በችቦ ብርሃን መካከል በባዶ እግሩ ይሮጣል። ከጎኑ የነበረው ራዲ ቤን አብደሰላም የሚባል የሞሮኮ ሯጭ ብቻ ነው። በመጨረሻ፣ ፋሺስቶች ከአገራችን ወስደው ሮም ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ባለበት አካባቢ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። ሐውልቱ ዛሬ እዚያ የለም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም ተመልሷል።

አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ገባ። የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ አበበ ነው። ሕዝቡን ያስገረመው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። ሌላው ሯጭ ሲዘረር፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ይነካ፣ ባለበትም ይረግጥ ጀመር!

ቶኪዮ፦ ከቀኑ 7 ሰዓት

አራት ዓመት አለፈ። ቀኑ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (ኦክቶበር 21 ቀን 1964) ነው፣ ቦታው ጃፓን። ከውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ አበበ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ከአልጋው ተነስቶ ቀስ በቀስ ልምምዱን ቀጠለ።

የቶኪዮ ማራቶን የተጀመረው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ቶኪዮ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው! አንድ ሰው ትናንት ከአዲስ አበባ ቢመጣ ኖሮ፣ ሌላው ምሳውን በልቶ ሲጨርስ የእሱ ሰውነት ገና ከእንቅልፉ እየተነሳ ነው። ስለዚህ ነው አትሌቶች ከውድድሩ ቀደም ብለው ወደ ቦታው የሚሄዱት። የውስጡ ሰዓት ከአዲሱ አገር ጋር እስኪስማማ ድረስ፣ በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ይፈልጋል። በክረምት እረፍት ከሲያትል ኢትዮጵያ ሄዳችሁ፣ ሌሊት ዓይናችሁ ፈጦ አድሮ ቀን ላይ እንቅልፍ የጣላችሁ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? በዚያን ወቅት ልዩነቱ 10 ሰዓት ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነበር። ብቻውን ከፊት ሆኖ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር፤ በወቅቱ በዓለም ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑ ነው። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ።

ከዚያስ ምን አደረገ? ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቶ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያሽከረክር ጀመር። ተነሣ፣ ጎንበስ ቀና አለ፣ ሰውነቱን አፍታታ። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ዓይኑን ማመን አቃተው። አንዳንዱ ጉልበቱን ለማሳየት መስሎታል። እኛ ግን ትምህርት እንውሰድበት። ከከባድ ሩጫ በኋላ ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ራስን ያዞራል፤ ደሙ እግር ላይ ስለሚቀር ነው። ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ደሙ ወደ ልብ እንዲመለስ ይረዳል። ምጣዱን ማጋል እንዳለ ሁሉ ማብረድም አለ።

ሜክሲኮ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. (ኦክቶበር 20 ቀን 1968)። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ለብዙ ሯጮች አየሩ ያጥራቸዋል፤ ለደጋ ልጆች ግን ይህ ቤታቸው ነው። ዓለም ሁሉ አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ያሸንፋል ብሎ ጠበቀ። ሩጫው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተጀመረ።

አበበ ግን እግሩ ተጎድቶ ነበር። አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ነበረበት። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ልጆች፣ ይህም ከታሪኩ አንድ ክፍል ነው፤ ልንደብቀው አይገባም። ማሟሟቅ ቀዝቃዛ ጡንቻን ያነቃል እንጂ የተሰነጠቀ አጥንት አይጠግንም። ሰውነት ሲያመው ይናገራል፤ መስማት ደግሞ ፈሪነት አይደለም። አበበ ቆመ፣ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ቀጠለ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈና ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ለኢትዮጵያ ሆነ። ማሞም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር።

ያልሸነፈው ሰው

ከሜክሲኮ ጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም. (ማርች 1969) አበበ የመኪና አደጋ ደረሰበት። እነዚያ ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደና ለወራት ታከመ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃ መሰላችሁ? አላበቃም! አበበ እግሩ እምቢ ቢለው እጁን አነቃ። በ1970 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኞች በሚወዳደሩበት ጨዋታ ላይ ቀስት ወረወረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ጋሪ ተወዳደረ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውድድርም አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር ለተወለደ ሰው ይህ ቀላል ነው?

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. (ኦክቶበር 25 ቀን 1973) በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረው አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። በከተማዋ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ የሮም ድሉ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሲራጅ ገና የሚባል ኢትዮጵያዊ የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ መጨረሻው አካባቢ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ለማን ክብር እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ታዲያ እኛስ?

አበበ ወደ ማታ ሮጠ፣ እኩለ ቀንም ሮጠ። ሰዓቱን የመረጠው እሱ አይደለም፤ አዘጋጆቹ ናቸው። የእናንተንም የቅዳሜ ግጥሚያ ሰዓት የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ምን እናድርግ ታዲያ? ሰዓቱን መለወጥ ባንችል ሰውነታችንን እናዘጋጃለን። ለምሳሌ፦

1. ግጥሚያው ጠዋት ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ተነሡ። መጋረጃውን ክፈቱ፣ መብራት አብሩ። ብርሃን የውስጡን ሰዓት ያነቃዋል። በዲሴምበር መጨረሻ ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትወጣው በአሜሪካን ሰዓት 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ስለሆነ መብራቱን አትርሱ።

2. ሜዳው ላይ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ በዝግታ ሩጡ። ቀጥሎ እግር ማወዛወዝ፣ ጉልበት ከፍ እያደረጉ መርገጥ፣ ወደ ጎን መሮጥ። በመጨረሻ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር ፈጣን ሩጫ። ላብ ጀመር ሲያደርጋችሁ ምጣዱ ግሏል ማለት ነው።

3. አንድ ቦታ ቆሞ እግርን ለረጅም ጊዜ ማሳሳብ ከጨዋታ በኋላ ይሁን። ከጨዋታ በፊት ብዙ ከተሳሳበ ጡንቻው ጉልበቱን ትንሽ ይቀንሳል።

4. ካሟሟቃችሁ በኋላ ተቀምጣችሁ አትቀዝቅዙ። ዝናብ ካለ ሹራባችሁን እስከ መጨረሻው ደቂቃ አታውልቁ።

5. በጣም በሚሞቅ ቀን ማሟሟቂያውን አሳጥሩ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ውኃ ጠጡ። ጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 108 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ ነበር! እንዲህ ባለ ቀን መሮጥ ያለበት ማለዳ ወይም ማታ ነው፤ ካልሆነም ቤት መቀመጥ ይሻላል።

6. ከጨዋታ በኋላ ድንገት አትቀመጡ። እንደ አበበ ተንቀሳቀሱ፣ አብርዱ።

ያ አንገቱን የደፋው ልጅስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ቀደም ብሎ ሄደና በሜዳው ዙሪያ በዝግታ ሮጠ። ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸነፈ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሮጧል። ትምህርት ቤት ሲመጣ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። ኳሱንም አልተወውም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ልጅ ጠዋት አልነሳ ሲል ስንፍና ብለን እንቆጣለን። በተለይ ከ13 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች የውስጥ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ስለሚዘገይ እንቅልፍ የሚመጣላቸው አምሽቶ ነው። የሲያትል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሰዓትን ከ7 ሰዓት ከ50 ወደ 8 ሰዓት ከ45 አዘግይተዋል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎቹ ከለውጡ በኋላ በየሌሊቱ 34 ደቂቃ ያህል ጨምረው እንደሚተኙ አግኝተዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ፊፋ ያስተዋወቀው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያም በወጣት ተጫዋቾች ላይ የሚደርስ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ እባካችሁ ዓርብ ማታ በጊዜ አስተኟቸው፣ ቅዳሜም ቀደም ብላችሁ አድርሷቸው። ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን፤ ሃያዋ ደቂቃ ግን ዋጋ አላት።

አዲስ ቃላት

ማሟሟቅ - ከስፖርት በፊት ሰውነትን ቀስ በቀስ ማሞቅ
ማብረድ - የሞቀውን ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ
ዋዜማ - ከበዓል በፊት ያለው ቀን
ችቦ - ታስሮ የሚበራ ደረቅ እንጨት
ደጋ - ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር

ጥያቄዎች

1. ግጥሚያችሁ በአሜሪካን ሰዓት ጠዋት 8 ሰዓት ከሆነ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?
2. የሮም ማራቶን ለምን ወደ ማታ ተደረገ?
3. አበበ በሜክሲኮ ማቋረጡ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ለምን?
4. ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ስለ አበበ ቢቂላ ምን እንደሚያስታውሱ ጠይቁና በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ።

በሉ ልጆች፣ ደህና ሰንብቱ። ሰውነታችሁን ሳታሟሙቁ እንዳትሮጡ!